ከሞያሌ እስከ ኪሌሌሽዋ፦ የድንኳን ጉዞና የናይሮቢ ግቢዎች ታሪክ

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ኪሌሌሽዋ ዛሬ የሚታወቀው በተደረደሩ ፎቅ መኖሪያዎቹ ቢሆንም፣ ሰፈሩና ጎረቤቱ ላቪንግተን ለብዙ ዘመን የሚለዩት በሰፋፊ ግቢዎቻቸው ነበር። ከእነዚህ ግቢዎች አንዳንዶቹ ቤተሰብን፣ ድንኳንንና ስንቅን በመኪና ጭነው ምሥራቅ አፍሪካን ለሚያቋርጡ መንገደኞች ማረፊያ ስለነበሩ፣ የሰፈሩ ታሪክ ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ ከሚወስደው መንገድ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ ራሷ የተጀመረችው በድንኳን ሲሆን፣ በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ረግረጋማው ሜዳ ላይ ሲደርስ የሠራተኞችና የዕቃ መከማቻ ሰፈር ሆና ነው የተቆረቆረችው። ባቡሩ የሚነዳው በእንጨት ስለነበረ፣ ቶሎ የሚያድጉ የማገዶ ዛፎችን ለመሞከር በ1907 የተቋቋመው አርቦሬተም፣ ማለትም ልዩ ልዩ ዛፎች ለጥናት የሚተከሉበት ቦታ፣ እስከ ዛሬ የኪሌሌሽዋ አጎራባች ነው። የቅኝ አገዛዙ መሬቱን በዘር ከፋፍሎ የምዕራቡን ቀዝቃዛ ከፍታ ለአውሮፓውያን ስለመደበ፣ በሰፊ አትክልት መካከል አንድ ዝቅ ያለ ቤት የሚቆምበት ግቢ የአካባቢው መልክ ሆነ፤ ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላም በኪሌሌሽዋ ከነበሩት ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ሆነው ቆይተዋል።

ናይሮቢን በዓለም ያስጠራት የድንኳን ጉዞ ሳፋሪ ይባላል፤ ቃሉ በስዋሂሊ ማንኛውንም ጉዞ የሚያመለክት ሆኖ ሳለ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ለአደን የሚደረግ የድንኳን ጉዞ መጠሪያ ሆነ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ከልጃቸው ከከርሚት ጋር ያደረጉት ሳፋሪ ከ200 የሚበልጡ ተሸካሚዎች የተከተሉት ሲሆን፣ በአባትና ልጅ ስም የተጻፈውን ዝና በጫንቃቸው የተሸከሙት ሰዎች ግን ስማቸው እንኳ በወጉ አልተመዘገበም። ከዚህ ይልቅ ለቤተሰብ ጉዞ የሚቀርበው የአሜሪካውያኑ ባልና ሚስት የማርቲንና የኦሳ ጆንሰን ታሪክ ነው፤ እነዚህ ሰዎች በ1924 ከናይሮቢ ተነሥተው፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኘው በማርሳቢት ተራራ፣ ፓራዳይዝ በተባለው ሐይቅ ዳር ሰፈር ሠርተው እስከ 1927 አራዊትን በፊልም ሲቀርጹ ኖረዋል።

የጆንሰኖች ዕድል ግን ለሁሉም ክፍት አልነበረም። እንግሊዞች ከኢሲዮሎ በስተ ሰሜን ያለውን ሰፊ ምድር ሰሜናዊ የድንበር ወረዳ ብለው ከሌላው ኬንያ ለይተው ዘግተውት ስለነበር፣ የወረዳው ነዋሪም ሆነ እንግዳ ያለ ፈቃድ መግባትና መውጣት አይችልም ነበር። ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ በብዛት ወርደው በድንኳን የሰፈሩት ለመዝናናት ሳይሆን ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሸሽተው ነው፤ ከ1936 በኋላ የደቡብ ጦር ግንባር አርበኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ድንበሩን ተሻግረው በኢሲዮሎ ካምፕ ተቀመጡ፤ ኋላም ወደ ታቬታ ተዛወሩ። በዚህ መንገድ ስለሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ የሚጽፍ ሁሉ እነዚህን ቤተሰቦች ማስቀደም ይገባዋል።

ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ድንኳን ከሠርግና ከለቅሶ፣ ከዘመቻና ከንግሥ በዓል ጋር የተያያዘ ነው፤ በታኅሣሥና በሐምሌ ቁልቢ ገብርኤል ለመሳለም ከነልጆቹ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚያድረው ምእመን የቤተሰብ ካምፕን ልማድ ከማንም ሳይማር የኖረበት ነው። አገር ለማየት ብሎ ድንበር ተሻግሮ በድንኳን ማደር ግን በሞያሌ መንገድ ላይ ዘግይቶ የመጣ ነገር ሲሆን፣ የዘገየበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ከ1963 እስከ 1967 የኬንያ መንግሥት ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል ከሚሹ ታጣቂዎች ጋር ያደረገው፣ በኬንያውያን ዘንድ የሽፍታ ጦርነት የሚባለው ውጊያ አካባቢውን አመሰቃቀለው፤ ከዚያም በኋላ ለአሠርት ዓመታት ተሽከርካሪዎች በዝርፊያ ሥጋት ምክንያት በወታደር ታጅበው በኮንቮይ ይሄዱ ነበር።

የመንገዱ ሥቃይ በመኪናው አካል ላይ ይነበብ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠጠርና ሹል ድንጋይ የሞላበት፣ በከባድ መኪና ጎማ ተመትቶ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ስለነበረ፣ ባሌስትራ ይሰብራል፣ ሾክ ያፈርሳል፣ ጎማ ይቆራርጣል። ከፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ የናፍጣና የውሃ ጄሪካን አስሮ ከሰሜን የወረደ ቤተሰብ ናይሮቢ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ሆቴል ሳይሆን መኪናውን ለቀናት አቁሞ የሚያስጠግንበት፣ ልብሱን አጥቦ የሚያሰጣበት፣ ልጆቹን በሣር ላይ የሚለቅበት የታጠረ ግቢ ነበር። በላቪንግተን በአምቦሴሊ መንገድ የነበረው ጃንግል ጃንክሽን ይህን ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ስለያዘ፣ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በሚጓዙ መንገደኞች ዘንድ የታወቀ ሆነ፤ ባለቤቱ ጀርመናዊ መካኒክ ስለነበረ ጋራዡ ከድንኳኑ መትከያ እኩል ይፈለግ ነበር። በአፐር ሂል ሰፈር ተጀምሮ ስሙን የያዘው የአፐር ሂል ካምፕም ያ ሰፈር ወደ ቢሮ ሕንጻዎች ሲለወጥ ወደ ኪሌሌሽዋ፣ ወደ ኦታያ መንገድ ተዛውሯል። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ ለገሃር አካባቢ የነበረው ዊምስ ሆላንድ ሃውስ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጥ ስለነበር፣ በሁለቱ ከተሞች ግቢዎች የተገናኙ መንገደኞች ስለ ማርሳቢት መንገድ ሁኔታ ወሬ ይለዋወጡ ነበር።

የአፍሪካ ልማት ባንክ ዋና ገንዘብ አበዳሪ የሆነበት የአስፋልት ሥራ ደረጃ በደረጃ ተከናውኖ በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሞያሌ ደረሰ፤ የሁለቱ አገሮች የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች በአንድ ቦታ የሚሠሩበት የሞያሌ የጋራ የድንበር ጣቢያም በታኅሣሥ 2020 በኬንያው ፕሬዚዳንት በኡሁሩ ኬንያታና በኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር በዐቢይ አሕመድ ተመረቀ። ቀድሞ ቀናት ይፈጅ የነበረው መንገድ ለተራ የቤት መኪና ተከፈተ፤ ከኢትዮጵያ የሚነሣ አሽከርካሪም ዋና ጭንቀቱ የመኪና ሰነዱንና የመድን ወረቀቱን ማሟላት፣ እንዲሁም ድንበሩን ሲሻገር ከቀኝ ወደ ግራ መንገድ መቀየሩን አለመርሳት ሆነ።

መንገዱ በተከፈተበት በዚሁ ዘመን ግን ተቀባዮቹ ግቢዎች ጠበቡ። የመሬት ዋጋ በመናሩ በኪሌሌሽዋ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረ ቦታ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ አፓርታማዎች የያዘ ሕንጻ መቆም የተለመደ ሆነ፤ ጃንግል ጃንክሽንም ላቪንግተንን ለቅቆ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ወደ ካረን አካባቢ ሄደ። ይህ ለናይሮቢ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ከተማዪቱ ለሆቴል እንግዳ የምታደርገውን ያህል በድንኳን ለሚመጣ ቤተሰብም ቦታ ልትከልል ይገባት ነበር። በሞያሌ መንገድ በኮንቮይ የተጓዙ፣ በኢሲዮሎና በታቬታ የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በአዲስ አበባና በናይሮቢ አሉና፣ በእጃቸው ያለውን ፎቶግራፍ፣ የጉዞ ሰነድና ደብዳቤ ለቤተ መዛግብት እንዲያስረክቡ መጠየቅ ያስፈልጋል።