«ኢንጂነር» የሚለው ቃልና ታሪኩ

ብዙ ሰው ኢንጂነር ማለት የኤንጂን ባለሙያ ማለት ነው ብሎ ይገምታል። የሁለቱ ቃላት መልክ በእንግሊዝኛ መቀራረቡ ለዚህ ግምት ምክንያት ሆኗል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ሲመረመር ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ኢንጂነር ስሙን ያገኘው ዛሬ ኤንጂን የሚባለው ሞተር ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነውና።

የሁለቱም ምንጭ «ኢንጌኒዩም» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ አብሮ የተወለደ ተሰጥዎ፣ የአእምሮ ብልኀት ማለት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ይህንኑ ትርጉም እንደያዘ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለቅኔ ቾሰር ኤንጂንን ከማስታወስና ከማስተዋል ጎን አሰልፎ እንደ አንድ የአእምሮ ኃይል ይቈጥረዋል። ብልኀት ግን ወደ ተንኰልም ያዘነብላልና ቃሉ ማታለያ፣ ወጥመድ የሚል ትርጉም ጨመረ። ቀጥሎም በብልኀት የተሠራው ዕቃ ራሱ ኤንጂን ተባለ። በዚያ ዘመን የብልኀት ሥራ ጐልቶ የሚታየው በጦርነት ስለነበር ግንብ መደርመሻውና ቋጥኝ መወርወሪያው ስሙን ወረሱ፤ እነዚህን የሚሠራውም ሰው ኢንጂነር ተባለ። የጥጥ መዳመጫ በእንግሊዝኛ «ጂን» መባሉ ከዚሁ የመነጨ ነው፤ የኤንጂን የመጀመሪያው ድምፅ ተቈርጦ የቀረ ነው። (የመጠጡ ስም ግን ሌላ ዘር አለው።)

ስለዚህ ኢንጂነር ለረጅም ጊዜ የጦር ሠራዊት ባለሙያ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ቦይ፣ ድልድይና ወደብ የሚሠሩ፣ ከሠራዊቱ ውጭ ያሉ ባለሙያዎች በረከቱ። የኤዲስተንን የባሕር ላይ መብራት ግንብ በ1759 እ.ኤ.አ. የፈጸመው ጆን ስሚተን ራሱን «ሲቪል ኢንጂነር» ብሎ ጠራ። ሲቪል የሚለው ቅጽል ያን ጊዜ የሚያመለክተው ወታደር አለመሆንን እንጂ የሙያ ዘርፍን አልነበረም፤ ስሚተን ራሱ የውኃ መዘውርን ጉልበት በሙከራ የለካ ሰው ነው። በ1771 የሙያው ሰዎች በለንደን ማኅበር አቋቋሙ። በ1818 የተመሠረተው የሲቪል ኢንጂነሮች ተቋም በ1828 ንጉሣዊ ቻርተር ሲቀበል፣ ሙያው በተፈጥሮ ያሉትን ታላላቅ የኃይል ምንጮች ለሰው ጥቅም የመምራት ጥበብ ተብሎ ተተረጐመ። ትርጓሜው የቶማስ ትሬድጎልድ ነው።

ችግሩ ከእንፋሎት ጋር መጣ። ኒውኮመን በ1712 ያቆመው የውኃ መሳቢያ ኤንጂን ከተባለ ወዲህ ቃሉ እየጠበበ ሄዶ በተራ ንግግር ሞተር ለማለት ብቻ ቀረ፤ ኢንጂነርም የሞተር ጠባቂ መሰለ። በአሜሪካ የባቡር ነጂ ኢንጂነር ይባላል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚጠግነው ሰው ኢንጂነር ነኝ ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም፤ በሕግ የሚጠበቁት እንደ «ቻርተርድ ኢንጂነር» ያሉት ሙሉ ማዕርጎች ናቸው። በካናዳና በጀርመን ግን ስሙን ያለ መብት መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ጠጋኙ በሥራው የሚከበር ሰው ስለሆነ ክርክሩ እርሱን ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን አንድ ስም ጠጋኙንም፣ በድልድይ ንድፍ ላይ የሚፈርመውንም ከሸፈነ፣ ድልድዩ ሲወድቅ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሕዝቡ ከስሙ ሊያውቅ አይችልም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሁለት ቃላት አሉት። «መሐንዲስ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ዐረብኛውም ልክ፣ መጠን ከሚለው የፋርስ ቃል «አንዳዛ» የተገኘ ነው፤ የጂኦሜትሪ የዐረብኛ ስም «ሀንደሳ» ከዚሁ ነው። እንግሊዝኛው ብልኀቱን ሲያወድስ ይኸኛው ልኩን ይጠይቃል። በግንባታ ውል ላይ ኀላፊነቱ የሚጻፈው «ተጠሪ መሐንዲስ» ተብሎ ሲሆን፣ «ኢንጂነር» ግን እንደ ዶክተር ሁሉ በሰው ስም ፊት የሚቀመጥ የክብር መጠሪያ ሆኗል። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለው አጠራር የተለመደ አይደለም፤ ስሚተንም በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ሚስተር ስሚተን ነበር።