ገና ያልታተመው ካርድ

እስቲ አንድ እንቆቅልሽ ልጠይቃችሁ። በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስቲምፍሎገር ቦስ የሚባል የመጫወቻ ካርድ ወጣ። ካርዱ እንደሚለው ከሆነ፣ «ሪገር» የተባሉት ፍጡሮቻችሁ አንድ «ኮንትራፕሽን» በሚገጣጥሙበት ጊዜ በአንዱ ፋንታ ሁለት ይገጣጥማሉ። ጥሩ። ኮንትራፕሽን ምንድን ነው? እንዴትስ ነው የሚገጣጠመው? እስከዚያ ቀን ከታተሙት በሺህ የሚቆጠሩ ካርዶች መካከል ኮንትራፕሽን የሚባል አንድም የለም።

እኛ ዘንድ እንቆቅልሽ ያቃተው አገር ይሰጣል። የዚህኛው ጉድ ግን መልሱን ጠያቂዎቹም አለማወቃቸው ነው። ካርዱን የሠሩት ሰዎች ለቀልድ ያህል ነው ያስገቡት።

ጨዋታው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው ፈጠረው፤ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 ገበያ ላይ አዋለው። እንደምናውቀው ካርታ ሃምሳ ሁለት ላይ የሚያበቃ አይደለም። በየጊዜው አዲስ ስብስብ ይታተማል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ የታሸገ ፓኬት ትገዛላችሁ፤ ያልፈለጋችሁትን ከሌላው ጋር ትቀያየራላችሁ። የመጀመሪያው እትም 295 ዓይነት ካርድ ነበረው። የጋርፊልድ ሐሳብ ተጫዋቹ ሙሉ ዝርዝሩን ሳያውቅ እንዲጫወት ነበር። ከከተማው ሌላ ጫፍ የመጣ ባላጋራ እናንተ በሕይወታችሁ ያላያችሁትን ካርድ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ደንግጣችሁ እንድትቀሩ ነው እንግዲህ።

ይህ ሕልም ብዙ አልቆየም። ተጫዋቾቹ ተጠራርተው ዝርዝሩን ራሳቸው አጠናቀሩት። የታተመው ሁሉ ሲታወቅ ወሬው ወዴት ዞረ? ገና ወዳልታተመው!

ኩባንያው ይህን አምሮት በደንብ የተጫወተበት በዚያው በ2007 ነው ብዬ አምናለሁ። ስቲምፍሎገር ቦስ የወጣበት «ፊውቸር ሳይት» የተባለው ስብስብ 180 ካርዶች ነበሩት። ከእነዚህ 81ዱ «ከወደፊቱ የመጡ» ተብለው በተለየ ቅርጽ ታተሙ፤ ጨዋታው አንድ ቀን ሊሄድበት ከሚችል መንገድ የተቆነጠሩ ናቸው ማለት ነው። ታርሞጎይፍ የሚባለው ከእነሱ አንዱ ነው። ይህ ካርድ ጉልበቱን የሚቆጥረው በወዳደቁት ካርዶች ዓይነት ብዛት ስለሆነ፣ የካርድ ዓይነቶቹ በሙሉ በቅንፍ ተዘርዝረውለታል። ሰው መደርደሪያውን እያየ ቆጠረ፦ ፍጡር አለ፣ መሬት አለ፣ ቅጽበታዊ አስማት አለ… ፕሌንስዎከር? ፕሌንስዎከር የሚባል የካርድ ዓይነት ማንም አይቶ አያውቅም። ቅንፍ ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ቃል ስንቱን እንቅልፍ እንደነሳች አስቡት።

በዚያው ዓመት በጥቅምት «ሎርዊን» ሲወጣ አምስት ፕሌንስዎከሮች ይዞ መጣ። በኋላ እንደተነገረው ለፊውቸር ሳይት ታስበው ነበር፤ ሥራቸው ስላልበሰለ ነው የተላለፉት። ዛሬ የጨዋታው መታወቂያ ፊቶች እነሱ ናቸው። ታርሞጎይፍም ለዓመታት ከመቶ ዶላር በላይ ሲሸጥ የኖረ ካርድ ሆነ (ለአንድ ወረቀት!)።

አሁን ወደሚያስከፋው ልግባ። ጋዜጠኝነት ስለተማርኩ ይሆናል፣ ይህኛው ታሪክ ከሁሉም በላይ ይከነክነኛል።

በ2010 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ሁለት ፈረንሳውያን ተገናኙ፤ ጊዮም ማቲኞን ጊዮም ዋፎ ታፓን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ማቲኞን ለአንድ የፈረንሳይ የጨዋታ መጽሔትም ይሠራ ነበር። በ2011 ኩባንያው «ኒው ፋይሬክሲያ» የተባለውን ስብስብ ሙሉ ዝርዝር፣ ገበያ ላይ ሳይውል፣ ለመጽሔቱ ዝግጅት እንዲሆን በአደራ ላከ። እኛ ክፍል ውስጥ «ኢምባርጎ» ብለን የተማርነው ማለት ይኸው ነው፦ ቀድመህ እወቅ፣ ቀድመህ ግን አትተንፍስ። ማቲኞን ለጓደኛው ለዋፎ ታፓ አሳለፈው፤ ጓደኛውም ለሌሎች አካፈለ። ከዚያማ ማን ይያዘው! ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ አደባባይ ወጣ። ማቲኞን ለሦስት ዓመት፣ ዋፎ ታፓ ለ18 ወር ከውድድር ታገዱ። ዋፎ ታፓ ወደ ዝነኞቹ መዝገብ የገባው በ2014 ነው።

ክፋት አስበው ያደረጉት አይመስለኝም። ምስጢር ይዞ ከጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ግምትና ሹልክታ ለየቅል ናቸው። የታርሞጎይፍን ቅንፍ እያየ የሚገምት ሰው ከፊቱ ባለው ፍንጭ ነው የሚጫወተው፤ አፈትልኮ የወጣ ዝርዝር ግን የገማቹን ሁሉ ሥራ በአንድ ሌሊት ባዶ ያደርገዋል። በዚያ ላይ አደራው የመጽሔት አደራ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ኩባንያው ለቀጣዩ ጸሐፊ ቀድሞ ለመላክ እጁ እንደሚያጥር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ኩባንያውም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። በ2023 አንድ የዩቲዩብ ሰው ገና ያልወጣ ስብስብ በስሕተት እጁ ገባና ፓኬቶቹን እየከፈተ ቪዲዮ ለቀቀ። ኩባንያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፒንከርተን የተባለውን ታዋቂ የግል መርማሪ ድርጅት ሰውየው ቤት ላከ፤ ሰዎቹም ካርዶቹን ሰብስበው ሄዱ። ስልክ መደወል የሚባል ነገር ነበር እኮ!

ስቲምፍሎገር ቦስን አልረሳሁትም። ተጫዋቾቹ ዋናውን ንድፍ አውጪ ማርክ ሮዝወተርን ስለ ኮንትራፕሽን ለዓመታት ሲነዘንዙት ኖሩ። ቀልዱ የቤት ሥራ ሆነበት። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2017 «አንስቴብል» የተባለው፣ ለሳቅ የተሠራው ስብስብ ወጣ። ውስጡ ኮንትራፕሽኖች ነበሩ፤ የሚገጣጥሟቸው ሪገሮችም ነበሩ። አሥር ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ የቆየው አለቃም እንደገና ታትሞ ከእነሱ ጋር መጣ።