በማን ጋዳ ተወለዱ?

የቤተሰብ ታሪክ እንዴት እንደሚጠና ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ምክሩ አንድ ዓይነት ነው፦ የልደት መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራ። ለነጌሌ ቦረና ልጅ ይሄ ሩቅ አያስኬድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ ክፍሉ ሥራ ላይ እንዳይውል ራሱ ሕጉ አቆየው። በአገር ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አያቶቻችን መታወቂያ ላይ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ የጸሐፊ ግምት ነው።

ቆላው ግን ያለ መዝገብ አልኖረም። ቦረና ዘመን የሚቆጥረው በጋዳ ነው። አንድ አባ ጋዳ 8 ዓመት ይመራል፤ ዘመኑም በስሙ ይጠራል። በእኛ አቆጣጠር ጃልዴሳ ሊበን ከ1952 እስከ 1960 ገደማ፣ ጎባ ቡሌ እስከ 1968፣ ጂሎ አጋ እስከ 1976፣ ቦሩ ጉዮ እስከ 1984፣ ቦሩ መዳ እስከ 1992፣ ሊበን ጃልዴሳ እስከ 2000 መርተዋል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስም አስተያዩ፤ አባትና ልጅ ናቸው። 5 መስመሮች በየተራ ስለሚመሩ ተራው ወደ አባት መስመር የሚመለሰው በ40 ዓመቱ ነው። ሽማግሌ ስህተቱን የሚያርመው በዚህ ነው።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም በእናቴ ልንገራችሁ። እናቴ አስተማሪ ናት። መታወቂያዋ 1961 ተወለደች ይላል። አኮ፣ ማለትም አያቴ፣ «በጎባ ቡሌ ጋዳ ነው የወለድኳት» አሉኝ። እስከዚህ ድረስ ወረቀቱም ልክ ሊሆን ይችላል። ቀጥለው ግን «ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያሰሩ ጊዜ ገና አራስ ነበርኩ» አሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። የነጌሌው 4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር አምፀው፣ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የራሳቸውን ምግብ ያበሏቸው ጥር 1966 ነው። የአብዮቱ መነሻ ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው ነገር እኛ ቤት የልደት ምስክር ሆኖ ተገኘ! ልዩነቱ 5 ዓመት ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ደግሞ 5 ዓመት ቀላል አይደለም።

እናም አዛውንት ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ፤ «በማን ጋዳ?» በሉ። ከዚያ ወገኑን ጠይቁ፤ ሳቦ ነው ጎና? ጋብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሆነ፣ የአባትን ወገን ካወቃችሁ የእናትን አወቃችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ የየትኛው ጉድጓድ ውኃ እንደሚጠጡ ጠይቁ፤ የቱላ ጉድጓዶች በጎሳ የሚታወቁ ናቸው። ስምም ይናገራል፦ ሮባ በዝናብ፣ ጎዳና በጉዞ ላይ፣ ጂሎ በበዓል የተወለደ ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ ስሙ ከአያት የተወረሰም ሊሆን ይችላል።

በአባቴ በኩል የወታደር ቤት ነን፤ እዚያ ወረቀት አለ። ችግሩ የቦታ ስም ነው። የድሮው ሰነድ «ሲዳሞ፣ ቦረና አውራጃ» ይላል። ያው ነጌሌ በኋላ ጉጂ ዞን ሆነች፤ ከ2015 ወዲህ ምሥራቅ ቦረና ናት። ወመዘክርም ሆነ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስትሄዱ በአሮጌው ስም ፈልጉ። የአስመሮም ለገሠን የጋዳ መጽሐፍም አንብቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ስለ ቦረና ነው።

ይሁንና የትም የማታገኙት አንድ ነገር አለ። የዘር ቆጠራ የአባቶችን ስም ይዞ ይወጣል፤ ሴቶቹ እየተንጠባጠቡ ይቀራሉ። አኮ የባላቸውን አባቶች 11 ድረስ ቆጠሩልኝ። «በእናትዎ በኩልስ?» አልኳቸው። ዝም አሉና 4 የሴት ስም ሰጡኝ፤ ከራሳቸው እናት ጀምሮ ወደ ላይ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ስልኬ ሊጠፋ ስለሚችል 4ቱንም ደብተር ላይ ጽፌያቸዋለሁ።