ፍሬሽማን ምን ይመራመራል?

ጓደኞቼ፣ የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ማንዋሉ ጨምር ያለውን እንጨምራለን፣ አሙቅ ያለውን እናሞቃለን። መልሱ ከእኛ በፊት ታውቆ ያደረ ነው፤ አልገጥም ካለ ቁጥሩን ከጎረቤት ጠረጴዛ እንቀዳለን። (እኔን ብቻ አትዩኝ!) ምርምርማ ገና ነው፣ በመጀመሪያ ተማር ይሉናል። ታሪኩን ላገላበጠው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዩስቱስ ሊቢግ በ1824 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ገና 21 ዓመቱ ነበር። ላቦራቶሪው የድሮ ዘበኞች ቤት ነው። በ1831 አምስት እንክብል ያለው የብርጭቆ መሣሪያ ሠራ። ናሙናው ይቃጠላል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእንክብሎቹ ውስጥ ባለው ፖታሽ ተይዞ ይቀራል፤ ከዚያ መመዘን ነው፣ በቃ። የታላላቅ ሊቃውንት ፈተና የነበረው የካርቦን ልኬት በተማሪ እጅ ገባ። እንግዲህ ሊቢግ ተማሪዎቹን ማንም ያልመለሰው ጥያቄ ላይ ያሰማራቸው ሁሉም ሊቆች ስለነበሩ አይደለም፤ ሚዛን የማያዛባ እጅ ስለበቃ ነው።

ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ሆፍማን በ1845 ለንደን ላይ የተከፈተውን የኬሚስትሪ ኮሌጅ ሊመራ ሄደ። በ1853 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ15 ዓመት ልጅ መጣለት። ግንበኛው አባቱ አርክቴክት ቢሆንልኝ ይሉ ነበር። ሆፍማን አንትራሲን የተባለውን የከሰል ቅጥራን ውጤት ሰጥቶ ተመራመር አለው። ልጁ ለፋ፣ ሥራውም ከሸፈ። ታዲያ ከላቦራቶሪ አላባረረውም፤ ሌላ ጥያቄ ሰጠው፣ ቆይቶም ረዳቱ አደረገው።

በ1856 የፋሲካ ዕረፍት ፐርኪን እቤቱ በሠራት ትንሽ ላቦራቶሪ የወባውን መድኃኒት ኪኒንን ልሥራ ብሎ ተነሣ። ዘዴው አቶም መቁጠር ብቻ ነበር፦ 10 ካርቦን ያለውን ነገር እጥፍ አድርጎ፣ ኦክስጅን ጨምሮ፣ ውሃ መቀነስ። ዛሬ ብንስቅበትም ያኔ የሞለኪውል ውስጡ አይታወቅም ነበር እኮ። የወጣው ቀይ ቡናማ ዱቄት ነው። በአኒሊን ደገመው፤ ይኼኛው ደግሞ ጥቁር ጭቃ ሆነ። እኛ ብንሆን እንደፋው ነበር። እሱ ግን በአልኮል ሲያሟሟው ሐምራዊ ቀለም ወጣ፤ ሐር ነከረበት፣ ያዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ፋብሪካ ልክፈት ብሎ ኮሌጁን ሲተው ሆፍማን አልወደደለትም።

ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ቀለም ነው። እኔን የገረመኝ ግን ያ የከሸፈው አንትራሲን ነው። በ1869 አሊዛሪን የተባለው ቀይ ቀለም ከአንትራሲን ሊሠራ እንደሚችል ሲታወቅ፣ ፐርኪን ዕቃውን ከልጅነቱ ያውቀው ነበርና የራሱን ዘዴ ቶሎ አገኘ። ማመልከቻውን ይዞ ለንደን ቢሮ ሲደርስ ጀርመኖቹ በአንድ ቀን ቀድመውታል።