ከእንዶድ እስከ «ጀርም ገዳይ» ሳሙና፦ የፎገራ ሜዳ የእጥበት ታሪክ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። እንደ ማንኛውም የአገራችን ከተማ፣ እዚህም ዛሬ ማጽጃ ሲባል ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪናና «ጀርም ይገድላል» የተባለለት ሳሙና ነው። እነዚህ ከመምጣታቸው በፊት ግን አገሩ ያለ ማጽጃ አልኖረም።

ለየዕቃው የየራሱ ማጽጃ ነበረው። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ይታጠባል፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ከታጠበ በኋላ በወይራ ጭስ ይታጠናል። በላሞቹ ስመ ጥር በሆነው ፎገራ የወተት ቅልም ወይራ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም። ባለሙያዋ ሴት የምትጨነቀው ለሽታው ብቻ አይደለም፤ በወጉ ያልታጠነ ዕቃ ወተቱን ቶሎ እንደሚያበላሽባት ታውቃለች። በጭሱ ውስጥ ያሉ ፊኖል የሚባሉ ውህዶች የባክቴሪያን መራባት ስለሚገቱ ሳይንስም በዚህ ይስማማል። ልብ መባል ያለበት፣ ጭሱ የሚያስፈልገው ምግብና መጠጥ ለሚያድርበት ዕቃ መሆኑ ነው። እጅን ለመታጠብ፣ ወለል ለመጥረግ ወይራ ያጨሰ የለም።

የእንዶድ ታሪክ ከእጥበትም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እዚያው አድዋ ለአምስት ዓመት በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፣ የተያዘው ሰው ብዛት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ግኝቱ ግን ሌላም ነገር ያሳያል፦ ማጽጃ ከታጠበው ልብስ ጋር አይቀርም፤ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። በርብና በጉማራ የሚለቀቀው ሁሉ መድረሻው ጣና ስለሆነ፣ ይህ ለፎገራ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የእንዶድ ጥናት በተጀመረበት በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ትሪክሎሳን የተባለ ኬሚካል ተሠራ። መጀመሪያ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበት ነበር፤ ቆይቶ ወደ ቤት ሳሙና፣ ወደ ጥርስ ሳሙና፣ ወደ ልብስ ሳይቀር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1998 የቦስተን ተመራማሪዎች ኬሚካሉ ባክቴሪያን የሚያጠቃው አንድን ኢንዛይም ዒላማ አድርጎ መሆኑን አሳዩ። ኢንዛይሙን የለወጠ ባክቴሪያ ያመልጠዋል ማለት ነው። አይሶናያዚድ የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚሠራውም በተመሳሳይ ኢንዛይም ላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከመታጠቢያ ቤት አልፎ ሐኪም ቤት ይደርሳል።

ካራቺ፣ ፓኪስታን ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት «ጀርም ገዳይ» ሳሙና ከተራው ይበልጣል ወይ የሚለውን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጠመው። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ተራ ሳሙና፣ ለሌሎቹ ፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ተሰጠ፤ አጠቃቀሙንም ተማሩ። እጅ በሚታጠቡት ቤቶች የልጆች ተቅማጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት የሳንባ ምችም እንዲሁ። በሁለቱ ሳሙናዎች መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ኬሚካሎች በቤት ሳሙና ውስጥ እንዳይሸጡ ሲከለክል ምክንያቱ ይኸው ነበር፦ ከሳሙናና ከውሃ የተሻሉ መሆናቸውን አምራቾቹ ማስረዳት አልቻሉም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ሲነገር ሳኒታይዘር ከገበያ ጠፋ። ውሃ በሌለበት ቦታ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ጠቃሚ ነው። ኮሮና ግን ቫይረስ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም፤ የስብ ሽፋኑን ለማፍረስ ተራ ሳሙና ይበቃል።

በፎገራ ደግሞ ብዙ ሕመም የሚመጣው በውሃ ነው። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ሜዳውን የውሃ ማሳ አድርጎታል፤ የቢልሃርዝያ ትል የሚገባውም ውሃ ውስጥ በቆመ እግር ቆዳ በኩል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ የመጸዳጃ ቤትና የጉድጓድ ውሃ ይቀላቀላል። ተዋህሲያን የሚገድል ኬሚካል ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ «ውሃ አጋር» በሚል ስም ሲሸጥ የኖረው የክሎሪን ፈሳሽ ለሚጠጣ ውሃ እንጂ ለወለል አልተሠራም።

እንግዲህ የወረታ ሸማች ለ«ጀርም ገዳይ» ጽሑፍ ተጨማሪ ብር ባይከፍል የሚጎድልበት ነገር የለም። በትርፉ ብር ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ገዝቶ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጅ ያስቀምጥ፤ ለክረምቱም የውሃ ማከሚያ ይያዝ።