ድንኳኑ የማን ነበር?
የስካውት የሜዳ ዓመትና የአፍሪካ ልጆች

ተማሪዎችን ይዞ ወደ ሜዳ መውጣት በብዙ ትምህርት ቤቶች ዘንድ እንደ ሽርሽር ይቆጠራል። ዳቦ ተይዞ፣ እየተዘፈነ ተሄዶ፣ ማታ ደክሞ መመለስ ነው። ይሁን እንጂ ከክፍል ውጭ የሚሰጠውን ትምህርት ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በደረጃ ከፍሎ ማስኬድ እንደሚቻል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ልምድ ያሳየናል። ይኸውም የስካውት ልምድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛው ይህ የሜዳ ዓመት እንዴት እንደ ተሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የአፍሪካ ልጆች በድንኳኑ ውስጥ ምን ስፍራ እንደ ተሰጣቸው ነው። ሌላ ምልክት ካልተደረገበት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከጦር ሜዳ ወደ ልጆች ሜዳ

የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን-ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። በ1899 ወታደሮች ስለ ቅኝትና ስለ ዱካ አከታተል የሚማሩበትን አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የቦኤሮች ጦር በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ የምትገኘውን የማፌኪንግን ከተማ ከበበ። ከበባው 217 ቀን ቆየ። በከተማዋ የነበሩት ነጭ ወጣቶች መልእክት በማድረስና በመሳሰለው ተግባር ተሰማርተው ስለ ነበር፣ ልጅ አደራ ሲሰጠው እንደ ትልቅ ሰው ሊሠራ እንደሚችል አዛዡ ተገነዘበ። ወደ አገሩ ሲመለስም ለወታደር የጻፈውን መመሪያ መምህራን ለልጆች ሲያስተምሩበት አገኘው።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በማፌኪንግ የተከበቡት ነጮች ብቻ አልነበሩም። የባሮሎንግ ሕዝብም አብሮ ተከብቧል፤ ከተማዋንም በመከላከል ተካፍሏል። በተለይም ከገጠር ሸሽተው የገቡት አፍሪካውያን በራብ ክፉኛ ተጎድተዋል። በዚያ ጊዜ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበረው ሶል ፕላኪ ያየውን በየዕለቱ ጽፎ አኑሮ ነበር። ነገር ግን ማስታወሻው በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1973 ነው። የመኮንኑ ዝና በጥቂት ወራት ዓለምን ሲዞር፣ የአስተርጓሚው ቃል ከሰባ ዓመት በላይ ጠበቀ።

ስምንት ቀን በደሴት ላይ

በ1907 በነሐሴ ወር መጀመሪያ ቤደን-ፓወል ሐሳቡን ለመፈተን ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው የብራውንሲ ደሴት ሄደ። እኩሌቶቹ ከከበርቴ ቤተሰብ የተወለዱና በታወቁ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሲሆኑ፣ እኩሌቶቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር እነዚህ ሁለት ወገኖች በአንድ ገበታ አይቀመጡም ነበር። እርሱ ግን ቀላቅሎ በአራት ጓድ ከፈላቸው። ጓዶቹም በኮርማ፣ በተኩላ፣ በቁራና ረጅም መንቁር ባላት አንዲት የውኃ ዳር ወፍ ስም ተጠሩ። እያንዳንዱ ጓድ ከልጆቹ መካከል የተመረጠ አለቃ ነበረው።

ቀኖቹም ሥራ ነበራቸው። አንዱ ቀን ስለ ሠፈር አያያዝና ምግብ ማብሰል፣ አንዱ ነገርን አስተውሎ ስለ ማየት፣ አንዱ ስለ ዱርና ስለ አራዊት፣ ሌላው ደግሞ አደጋ የደረሰበትን ሰው ስለ ማዳን ነበር። ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ ተረት ይነገራል። ጧት ልጆቹን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው የአጋዘን ቀንድ ነበር። ቀንዱን ቤደን-ፓወል ያመጣው በ1896 ከዘመተበት ከማታቤሌ ምድር፣ ማለት ከዛሬዋ ዚምባብዌ ነው። እንግዲህ የአፍሪካ ድምፅ ከመጀመሪያው ጧት ጀምሮ በዚያ ሠፈር ነበረ። የአፍሪካ ልጅ ግን አልነበረም።

ዓመቱ እንዴት ይከፈል ነበር?

በ1908 ለልጆች የተዘጋጀው የስካውት መጽሐፍ በየአሥራ አምስት ቀኑ በክፍል በክፍል ታትሞ ወጣ። የመጽሐፉ ትልቁ ብልኃት የሜዳውን ትምህርት በደረጃ መክፈሉ ነው። ጀማሪው የስካውትን ሕግ ያጠናል፤ ገመድም በልዩ ልዩ ዓይነት ቋጠሮ ማሰር ይማራል። ይህ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሊፈጸም ይችላል።

ሁለተኛው ደረጃ ከግቢ ያስወጣል። ልጁ ከሁለት ክብሪት በላይ ሳያባክን እሳት ማንደድ አለበት። ጥቂት ሥጋና ሁለት ድንች በሜዳ ላይ ያበስላል። ሩጫና እርምጃ እያፈራረቀ አንድ ማይል በ12 ደቂቃ ይጨርሳል። የኮምፓስን 16 አቅጣጫዎች ያውቃል። ሃያ አራት ጥቃቅን ዕቃዎች ለአንድ ደቂቃ አይቶ ከተሸፈኑ በኋላ 16ቱን በቃሉ መናገር ይችላል። በቁጠባ ባንክም ቢያንስ ስድስት ፔንስ ሊኖረው ይገባል።

አንደኛው ደረጃ ከሁሉ ይከብዳል። ልጁ ሰባት ማይል፣ ማለት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመለስና ያየውን በአጭሩ ጽፎ ያቀርባል። መንገዱን ሳያስተውል የሄደ ልጅ የሚጽፈው ነገር የለውም። ስለዚህ ጉዞው የእግር ብቻ ሳይሆን የዓይንና የብዕር ፈተና ነው። በሽርሽርና በሜዳ ትምህርት መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ይመስለናል።

ሁለት ዓይነት ድንኳን

ከስካውት ሕጎች አራተኛው፣ ስካውት ለሰው ሁሉ ወዳጅ፣ ለስካውትም ሁሉ ወንድም መሆኑን፣ የኑሮ ደረጃም ይህን ወንድማማችነት እንደማይከለክለው ይደነግጋል። ይህ ሕግ በብራውንሲ ላይ ተሠርቶበታል። ወደ አፍሪካ ሲሻገር ግን በቀለም አጥር ተያዘ። በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ልጆች ስካውት ተብለው ከመጠራት ተከልክለው በ1922 በሌላ ስም የተለየ ማኅበር ተቋቋመላቸው። በ1936 የስካውት ስም ቢፈቀድላቸውም ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ህንዱና ክልሱ በየራሱ ቅርንጫፍ ተለያይቶ እንዲኖር ተደረገ። እነዚህ ቅርንጫፎች በአንድ ማኅበር የተጠቃለሉት በ1977 ነው። ያው ቋጠሮ፣ ያው እሳት፣ ያው ሕግ ሆኖ ሳለ ድንኳኑ ለየብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ የአፍሪካ ልጆችና መምህራን ስካውትን አልተዉትም። እንዲያውም አራተኛውን ሕግ በእጃቸው ይዘው፣ ወንድም ከሆንን ለምን እንለያያለን ብለው ለመጠየቅ ተጠቀሙበት። ሕግ አውጪው ያላሰበውን ጥያቄ ሕጉን ያጠናው ተማሪ ሲያነሣ በታሪክ ብዙ ጊዜ ይታያል።

በኬንያ ደግሞ ነገሩ እስከ ቤተሰብ ድረስ ገባ። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1955 አሊያንስ የተባለውን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። በትዝታ መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ከመጀመሪያው የትምህርት ወቅት በኋላ የደንብ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንደሩ በቦታው አልነበረም። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት አፍርሶ ሕዝቡን በሌላ ስፍራ አስፍሮት ነበር። ታላቅ ወንድሙም ከማው ማው ተዋጊዎች ጋር በጫካ ነበር። ንጉጊ በዚያው ትምህርት ቤት ስካውት ሆነ። የስካውት ቃል ኪዳን ደግሞ ለእግዚአብሔርና ለእንግሊዝ ዘውድ ታማኝ መሆንን የሚጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን አንዱ ወንድም እሳት ማንደድንና ዱካ መከተልን በትምህርት ሲማር፣ ሌላው ሕይወቱን ለማትረፍ እሳቱን ይደብቅ፣ ዱካውን ያጠፋ ነበር። ጫካ ለሁለቱም አስተማሪ ነበረ፤ ትምህርቱ ግን አንድ አልነበረም።

ቤደን-ፓወል ራሱ በ1938 ወደ ኬንያ መጥቶ በኒዬሪ ተቀመጠ፤ በዚያው በጥር 8 ቀን 1941 ሞተ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በክብ መካከል ያለች አንዲት ነጥብ ተቀርጻለች። ይህች ምልክት በስካውቶች የመንገድ ቋንቋ «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ናት። ልጆች በጉዞ መጨረሻ በመሬት ላይ የሚጽፏት እርስዋን ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በአገራችንም ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ስካውቶች ነበሩ። ማኅበሩ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቢፈርስም በኋለኛው ዘመን እንደገና ተቋቁሟል። ይሁንና የሜዳ ዓመት ለመክፈት የግድ የማኅበሩን ልብስ መልበስ አያስፈልግም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሜዳው አበባ በለበሰበት በጥቅምት ወር፣ ቋጠሮና አቅጣጫ በግቢው ውስጥ ይጠና። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ መኸሩ ሲሰበሰብ፣ የግማሽ ቀን ጉዞ ተደርጎ የእህሉና የዛፉ ስም ከገበሬው አፍ ይመዝገብ። በጥር ወይም በየካቲት፣ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ወላጆች ፈቅደው አንድ ሌሊት በድንኳን ይታደር። ከፋሲካ በኋላ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአቅራቢያቸው ወዳለው ምንጭ፣ ድልድይ ወይም የጥንት ፍርስራሽ ይሂዱና የጉዞ ጽሑፍ ያምጡ። በሰኔ፣ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ጽሑፎቹ በክፍል ይነበቡ። የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የአማርኛ መምህራን አንድ ላይ ሆነው ቢያርሟቸው ደግሞ ሥራው ይቀላል።

ጓዶቹ ሲከፈሉ ግን የብራውንሲን እንጂ የኋለኛውን ምሳሌ አንከተል። ጫማ ያለውና የሌለው፣ የከተማውና የገጠሩ፣ ቋንቋቸው የሚለያይ ልጆች በአንድ ጓድ ይግቡ። ሴቶች ልጆችም አይቅሩ። በ1909 በለንደን በተደረገው የስካውቶች ስብሰባ ላይ ሳይጠሩ የተሰለፉት ሴቶች ልጆች በማግሥቱ ዓመት የራሳቸው ማኅበር እንዲቆም ምክንያት ሆነዋል።

ቋጠሮ ይረሳል፤ ሁለት ክብሪትም ያልቃል። ተማሪው እስከ እርጅናው የሚያስታውሰው በዚያች ሌሊት በአጠገቡ የተኛው ማን እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ መምህሩ የሚጓዙትን ልጆች ስም ሲመዘግብ፣ በዝርዝሩ ያልገባው ልጅ ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ ቀረ አስቀድሞ ይጠይቅ።