ጥቂት ባሩድ በሰፊ ቀለህ፤ የትልቅ ሽጉጥን ጥይት የማለዘብ ታሪክ

ስለ ጦር መሣሪያ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛው የኃይል ታሪክ ነው። አረሩ ምን ያህል እንደ ፈጠነ፥ ምን ያህል እንደ ከበደ፥ የትኛው ሽጉጥ የትኛውን እንደ በለጠ ይተነተናል። ነገር ግን በአሜሪካ የተሠሩትን ትልልቅ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ታሪክ ቀርቦ የሚመረምር ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ይኸውም ፋብሪካው ብርቱ ጥይት ባወጣ ቍጥር ሽጉጡን የያዘው ሰው ብዙ ሳይቆይ ባሩዱን መቀነስ መጀመሩ ነው። ይህ ማለዘብ የፈሪ ሥራ አልነበረም፤ ዒላማ ለመምታት የግድ ሆኖ የተገኘ ነገር ነው። ሆኖም ሥራው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወጥቶ በግለሰብ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ያልታሰበ አደጋ ይዞ መጣ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ጥይት ስንል ሙሉውን፥ ቀለህ ስንል ባሩዱን የያዘውን የናስ ዕቃ፥ አረር ስንል ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን እርሳስ ማለታችን ነው። በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችውንና ስትመታ እሳት የምትሰጠውን ትንሽ ቆብ መለኮሻ፥ ሽጉጡ ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ የሚመታውን ኃይል ደግሞ ርግጫ እንላለን። ባሩድም አረርም የሚመዘኑት በግሬን ነው፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬን ትንሽ ይበልጣል።

የአሜሪካ ጦር በ1873 የኮልት ፋብሪካን ባለ 45 ሽጉጥ ተቀበለ። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለሕዝብ የሚሸጠው ጥይት 40 ግሬን ጥቁር ባሩድና 255 ግሬን የሚመዝን አረር ነበረው፤ ለዘመኑ እጅግ ብርቱ ነበር። ጦሩ ግን በፍራንክፎርድ ግምጃ ቤት ለራሱ ያሠራው ጥይት 30 ግሬን ባሩድ ብቻ የሚይዝ ነበር። ከአራት እጅ አንዱ እጅ ተቀነሰ ማለት ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ይህን ሽጉጥ ለእያንዳንዱ ተኩስ መቺውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ እየሳቡ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ፈረሰኛው አንድ እጁ ልጓም ይዟል፤ ርግጫው ሽጉጡን በመዳፉ ውስጥ ባሽከረከረው ቍጥር አያያዙን እንደ ገና ማስተካከል አለበት። ከዚህም የሚከፋው ነገር ርግጫውን የለመደ እጅ አስቀድሞ መደንገጡ ነው። ተኳሹ ምላጩን ሊስብ ሲል ሳያውቀው አፈሙዙን ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የሚደርሰው ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ሳይሆን ከመተኮሱ በፊት ነው። ይህን በቃል ምክር ማስቀረት አይቻልም፤ ባሩዱን መቀነስ ግን ያስቀረዋል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ነገሩ በሌላ በኩል ገፋ። የ10ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር መኰንን የነበረው ሻለቃ ጆርጅ ስኮፊልድ የስሚዝና ዌሰንን ሽጉጥ ለፈረሰኛ እንዲመች አሻሽሎ ስለ ነበረ ጦሩ ይህንንም ገዛ። ነገር ግን የዚህ ሽጉጥ ተሽከርካሪ ማጉረሻ አጭር ስለ ሆነ 32 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚያህለው የኮልት ቀለህ አይገባበትም። ስለዚህ ቀለሁ ወደ 28 ሚሊ ሜትር አጥሮ፥ 28 ግሬን ባሩድና 230 ግሬን አረር የያዘ ጥይት ተሠራ። አጭሩ በሁለቱም ሽጉጥ ሲተኮስ ረጅሙ በአንዱ ብቻ ስለሚተኮስ፥ ግምጃ ቤቱ አጭሩን ለሁሉ አደረገው። እንግዲህ በታሪክ መጻሕፍት የምዕራቡ አገር አስፈሪ ሽጉጥ እየተባለ የሚወራለት ባለ 45 በወታደሩ ቀበቶ ላይ የነበረው በለዘበ ጥይቱ ነው።

እዚህ ላይ ማለዘብና ማሳነስ አንድ አለመሆናቸውን መለየት ያሻል። ጦሩ በ1892 ባለ 45ን ትቶ ባለ 38 ሽጉጥ ያዘ። የዚህ አረር 150 ግሬን ብቻ ነበር፤ ባሩዱ ብቻ ሳይሆን እርሳሱም ስፋቱም ተቀነሰ ማለት ነው። በፊሊፒን ጦርነት ጊዜ ተመትቶ እንኳ የማይቆም ጠላት እንዳጋጠማቸው መኰንኖች ስላመለከቱ አሮጌዎቹ ባለ 45 ሽጉጦች ከግምጃ ቤት ወጥተው እንደ ገና ታደሉ። በ1904 ቶምፕሰንና ላጋርድ የተባሉት መኰንኖች ሙከራ አድርገው ከ45 ያላነሰ ስፋት እንዲያዝ መከሩ። እንግሊዞችም ከአንደኛው ዓለም ጦርነት በኋላ 455 የተባለውን ትልቅ ሽጉጣቸውን በጥቂት ወራት ለሚሠለጥን ወታደር ይከብዳል ብለው በ1932 ባለ 38 ሽጉጥ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ጥይቱ 200 ግሬን የሚመዝን ከባድና ቀርፋፋ አረር ሰጡት። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የተሻለ ያሰቡት እንግሊዞች ናቸው፤ ምንም እንኳ ጦርነቱ ሲመጣ አረሩን በመዳብ ለብጠው ጥቂት ቢያቃልሉትም።

ከጦሩ ውጭ ያለው ሰው ግን ግምጃ ቤት የለውም። ሱቅ የሚሸጥለት ጥይት ከከበደው፥ ወይም ዋጋው ከበዛበት፥ የተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ ራሱ መሙላት ነበረበት። በአገራችንም ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ስለ ነበረ፥ የቀለህን ዋጋ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን መሣሪያ በብዛት ያቀረበው በ1884 በኒው ሄቨን ከተማ አይዲል የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው ጆን ባርሎ ነው፤ ኩባንያው በኋላ በ1925 ወደ ላይማን ፋብሪካ ተዛወረ። መሣሪያው እንደ ጉጠት በእጅ የሚጨበጥ ሆኖ፥ ያረጀውን መለኮሻ ያስወጣል፥ አዲሱን ያስገባል፥ አረሩን በቀለሁ አፍ ላይ ያጠብቃል፤ አንዳንዱም እርሳስ ቀልጦ የሚፈስበት የአረር ቅርጽ ከጫፉ ላይ ነበረው። በቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚሆኑ ድብልብል አረሮችና የኮሌታ ቁልፍ የሚያህሉ እጅግ ቀላል አረሮችም በዚሁ ዘመን ይሠሩ ነበር። ዒላማ ተኳሾች የወደዱት በተለይ 44 ሩሲያ የተባለውን ጥይት ነው። ስሚዝና ዌሰን በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለሩሲያ መንግሥት የሠራው ይህ ጥይት 23 ግሬን ባሩድ ብቻ ይዞ ለትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነበር።

አሁን ወደ አደጋው እንመጣለን። ጥቁር ባሩድ ብዙ ቦታ ይይዛል። የ1873ቱ ቀለህ በ40 ግሬን ይሞላል፤ ተሳስቶ እጥፍ ልጨምር የሚል ሰው ባሩዱ ጠረጴዛው ላይ ይፈስበታል። ዕቃው ራሱ ስሕተትን ይከለክል ነበር። በ1890ዎቹ ጢስ አልባ ባሩድ ሲመጣ ይህ ጠባቂ ጠፋ። በ1898 የወጣው ቡልስአይ የተባለው ፈጣን ባሩድ፥ ለዚያው ሥራ የሚበቃው ከቀለሁ ሥር የምትቀመጥ ጥቂት ፍሬ ናት። የቀረው ቦታ ባዶ ነው። ጥይት የሚሞላ ሰው ሐሳቡ አንድ አፍታ ቢባዝን በአንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ይጨምራል፥ በላዩም አረሩን ይገጥማል፤ ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም። እንዲህ ያለ ጥይት ማጉረሻውን ሊተረትረው ይችላል። በተቃራኒው ባሩድ የተረሳበት ቀለህ በመለኮሻው ኃይል ብቻ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ አስገብቶ ይተወዋል፤ ተኳሹ ሳያስተውል ሁለተኛውን ከተኮሰ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። የለዘበ ጥይት ጤነኛ ነው የሚለው የብዙ ሰው እምነት እንግዲህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። በትልቅ ቀለህ ውስጥ ያለ ጥቂት ባሩድ ከሙሉው ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በ1907 ስሚዝና ዌሰን የሩሲያውን ቀለህ አስረዝሞ 44 ስፔሻል አለው። ፋብሪካዎቹ ግን ለአሮጌዎቹ ሽጉጦች በመጠንቀቅ በአዲሱ ረጅም ቀለህ ውስጥ ያንኑ የቀድሞውን ፍጥነት፥ በሴኮንድ 230 ሜትር ያህል፥ ትተው ሸጡት። ይህ ያስቈጣው በአይዳሆ የሚኖረው ከብት አርቢና አዳኝ ኤልመር ኪዝ ነበር። በ1920ዎቹ ባለ 45 ሽጉጡን በከባድ ጥይት ካፈነዳ በኋላ፥ የማጉረሻው ግድግዳ ወፍራም ወደ ሆነው ባለ 44 ተሻገረ፤ ለሠላሳ ዓመት ያህልም በመጽሔት እየጻፈ ብርቱ ጥይት እንዲሠራ ፋብሪካዎቹን ወተወተ። የዱር አውሬ ለሚያድን ሰው ክርክሩ ትክክል ነበር። በ1955 መጨረሻ ስሚዝና ዌሰን ከሬሚንግተን ጋር 44 ማግነምን አወጣ። ቀለሁ ባለ ስፔሻል ሽጉጥ ውስጥ በስሕተት እንዳይገባ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨምሮበታል፤ 240 ግሬን አረሩ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ተነገረለት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲቀርብ ኃይሉ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው።

ወዲያውም የ1874ቱ ነገር ተደገመ። ከገዥዎቹ አንዳንዶቹ ስድስት ጥይት ተኩሰው ሽጉጡን ከቀሩት 44 ጥይቶች ጋር መልሰው ሸጡ እየተባለ ይወራል፤ ቀልድ ይሁን እውነት፥ ሰው ያመነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1971 በወጣው ፊልም ይህን ሽጉጥ በዓለም ሁሉ ያስታወቀው መርማሪ ሃሪ ካላሃን እንኳ፥ በ1973ቱ ተከታይ ፊልም ለመቈጣጠር እንዲመቸው የሚተኩሰው ለዘብ ያለ የስፔሻል ጥይት መሆኑን ይናገራል። ፊልሙን ያዩት ብዙዎች ይህን ቃል የሰሙት አይመስለኝም።

በማግነም ሽጉጥ አጭሩን የስፔሻል ጥይት መተኮስ ይቻላል። ሆኖም ብዙ ከተተኮሰ ከአጭሩ ቀለህ አፍ ፊት ለፊት የጥላሸት ቀለበት ይጋገርና ረጅሙ ቀለህ አልገባም ይላል። ቀለህ የሚሞሉት ሰዎች ረጅሙን ቀለህ ይዘው ባሩዱን ብቻ መቀነስን የመረጡት አንዱ ስለዚህ ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። ለማግነም የተሠሩት ቀስ ብለው የሚነዱ ባሩዶች፥ ለምሳሌ ዊንቸስተር 296፥ ከተወሰነው በታች ሲቀነሱ በወጉ ስለማይነዱ ሠሪዎቹ እንዳይቀነሱ ያስጠነቅቃሉ። ማለዘብ የሚፈልግ ሰው ለዚህ የሚስማማ ፈጣን ባሩድ መያዝ፥ በመዳብ የተለበጠውን አረር ትቶ በአፈሙዝ ውስጥ የማይነክሰውን ባዶ እርሳስ መጠቀም፥ መጠኑንም ከታተመ ሠንጠረዥ ብቻ መውሰድ ይገባዋል።

በ1987 የተመሠረተው ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር የላም ጠባቂዎችን ልብስ ለብሶ በ1873 ዓይነት ሽጉጦች መወዳደርን ሲያስፋፋ፥ ፋብሪካዎች ራሳቸው የለዘበ ባለ 45ና ባለ 44 ጥይት መሸጥ ጀመሩ። በዚህ ምእተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታትም ፍሬው መሐሉ እንደ ቀለበት የተበሳ፥ ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ቦታ የሚይዝ ትሬይል ቦስ የተባለ ባሩድ ቀረበ፤ የተሠራውም ሰፊውን ቀለህ በጥቂት ሚዛን እንዲሞላ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ጥቁር ባሩድ ተመልሰዋል። እነዚህ ባሩዱን ቀንሰው፥ ጥቁር ባሩድ ከአረሩ ጋር ክፍተት ሊኖረው ስለማይገባ የቀረውን ቦታ በበቈሎ ዱቄት ወይም በስንዴ ክክ ይሞሉታል። ሲተኮስም ከጢሱ ጋር የተቃጠለ እህል ሽታ ይወጣል ይላሉ።